ጀፎረው ካርታ ላይ የወጣ ጊዜ

ዓለም ሁሉ ያላወቀውን የሚጠይቀው ያ የፍለጋ ኩባንያ እንዴት እንደተጀመረ በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ወልቂጤ ውስጥ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። ከኮምፒውተሮቻችን ግማሹ አይነሣም፤ ግማሹ መብራት ሲኖር ብቻ ይነሣል። ስለዚህ አብዛኛውን ኮምፒውተር የማስተምረው በጠመኔ ነው። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ እላለሁ። ሌሎች ገጾች አብዝተው የሚጠቁሙትን ገጽ ከፊት የሚያስቀድም ዘዴ አሰቡ፤ ጋራዥ ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። ነጭ ገጽ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሣጥን፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ማስታወቂያ መጣ፣ ኢሜይል መጣ፣ ካርታ መጣ። ቪዲዮ የሚታይበትን ገዙ፣ አብዛኛው ስልክ የሚሠራበትን ሥርዓት ያዙ፣ ትርጉም ጀመሩ። ትርጉሙ አማርኛ ያውቃል፤ ጉራጊኛ ግን ሲናገር አልሰማሁትም።

አንድ ተማሪ ሁልጊዜ ይጠይቃል፦ «ቲቸር፣ ሁሉን በነፃ ከሰጡ ምን ይበላሉ?»

«እኛን» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር። ከአባቴ ጀፎረ ወዲህ ግን ያቺን መልስ ስሰጥ ሳቁ አይመጣልኝም።

ጀፎረ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የጉራጌ መንደር ፊቱን የሚያዞርበት ረጅምና ሰፊ ሣር ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ወደሱ ያያሉ፤ እንሰቱ ከቤቶቹ ጀርባ ነው። ሠርጉ እዚያ፣ ለቅሶው እዚያ፣ ደመራው እዚያ፣ የሽማግሌው ሸንጎ እዚያ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ይሄድበታል። የሚያርሰው፣ የሚያጥረው፣ የሚቆፍረው ግን የለም። የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም፤ ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ስማቸው እንኳ ተረስቷል፣ ሕጉ ግን አልተረሳም።

የእኛ ጀፎረ ከእምድብር ወጣ ብሎ ነው፤ ጠባቂው አባቴ ነው። ማንም አልሾመውም። የዕድሜውን ግማሽ አዲስ አበባ ነግዶ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ያንን ሥራ ራሱ ለራሱ ሰጠ። በአንድ ክረምት የገዛ ታናሽ ወንድሙ የግቢውን አጥር አንድ ክንድ ያህል ወደ ጀፎረው ገፋ አደረገ። አባቴ በጠዋት ሄዶ አጥሩ ፊት ቆመ። አጎቴ እየረገመ ችካሉን አንድ በአንድ እስኪነቅል ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሰላም አልተባባሉም። ነፍሷን ይማረውና እናቴ «ለአንድ ክንድ ሣር ወንድምህን ሸጥህ» ስትለው፣ «ዛሬ ለወንድሜ አንድ ክንድ ከሰጠሁ ነገ ለሌላው በምን አፌ እከለክላለሁ?» ነበር መልሱ።

ኋላ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ መጣበት። አታት ሆስፒታል ወሰድነው፤ ዘግይተን ስለነበር የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ተባልን። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ሰውን በድምፁ ያውቃል። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ጀፎረው ጫፍ ካለው ዝግባ ደርሶ ይመለሳል። እጁን ልያዝ ያለውን ይቆጣል። መንገዱን የሚያሳየው ሣሩ ነው። ከእግሩ በታች ለስላሳ ከሆነ መሐል ላይ ነው፤ እየሳሳና እየሻከረ ሲመጣ ወደ አንዱ ቤት ደጅ ተጠግቷል። እያንዳንዱን ደጅ በጢሱና በውሻው ድምፅ ለይቶ ሰላምታ ይሰጣል። በዚያ ሣር ላይ እስካለ ድረስ አባቴ ዓይነ ስውር አይደለም። ያቺን የጠዋት ጉዞ ያጣ ዕለት እንደማይሰነብትልኝ አውቅ ነበር፤ ፍርሃቴም ይኸው ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ደረሰ፤ ያደረሰውም ፍቅር ነው።

ለመስቀል የአገራችን ልጅ ካለበት ተነሥቶ ይገባል። አንድ ዓመት የዚያ አጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቹን ጋብዞ ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱን እሱ ነው የያዘው፤ ደግ ነው፣ አገሩን ይወዳል፣ ድምፁ ግን ከሥራው ይቀድማል። እንግዶቹ እምድብር ደርሰው መንደሩን አጡት። ስልካቸውን ሲያዩ እኛ ያለንበት ቦታ አረንጓዴ ብቻ ነው። «እዚህ ጋ ምንም የለም እኮ» እያሉ ሲደውሉለት ደሙ ፈላ። ያ ኩባንያ ደግሞ ካርታውን ማንም እንዲያርምለት ይፈቅዳል፤ የጎደለ መንገድ ያየ ሰው በጣቱ መስመር ስሎ ይልካል። እኛ ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ ክትፎ ስንከትፍ፣ ወንዶቹ ሥጋውን አስረክበው ደጅ ተቀምጠው ካርታ ይስሉ ነበር። መስመሩን ከጀፎረው አፍ እስከ ዝግባው፣ ከዝግባው እስከ ማዶው ኮረኮንች አደረሱት። ስልኩ የመስመሩን ዓይነት ሲጠይቃቸው ጀፎረ የሚል አላገኙም። መንገድ የሚል ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኩባንያው ተቀበላቸው፤ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ እልልታው ቀለጠ። የአጎቴ ልጅ ደውሎ «አባባ፣ አገራችን ካርታ ላይ ወጣች» አለው አባቴን።

«ድሮስ የት ነበረች?» አለ አባቴ። ደስ ግን ብሎት ነበር። ለሽማግሌዎቹ ሲነግራቸው ሰማሁ።

መጀመሪያ ሞተር ሳይክል ገባ። ቀጥሎ ባጃጅ። ይህ ያለ ነው፤ ሙሽራ ሲመጣና ሬሳ ሲመጣም መኪና ይገባል። ዝናቡ ሲጀምር ግን የዋናው መንገድ ድልድይ ለጥገና ተዘጋና አገሩን የማያውቅ ሾፌር ሁሉ ስልኩን መጠየቅ ጀመረ። ስልኩ አቋራጭ አገኘለት። ሚኒባስ መጣ፣ ጭነት የያዘ ኢሱዙ መጣ። ሣሩ እርጥብ ነው፣ አፈሩ ከሥሩ ለስላሳ ነው። ጎማ የሄደበት ቦታ ውሃ ቋጠረ፤ ቀጣዩ መኪና ያንን ሲሸሽ ሌላ አዲስ ሠራ።

አባቴ በለመደው ሰዓት ወጣ። ለስላሳውን እየተከተለ ሄደ፤ ለስላሳው ጭቃ ሆኖ ነበር። አንዱ የጎማ ቦይ ውስጥ ወድቆ ዳሌውን ተመታ። ጎረቤታችን ስትደውልልኝ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ጠመኔውን እንደያዝሁ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ፤ እምድብር ስደርስ ነው እጄ ነጭ መሆኑን ያየሁት።

አልተሰበረም። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። «ደረስሽ?» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። እኔ የማውቀው አባቴ በቁጣ ቤቱን ያናውጣል። ዝምታው ከውድቀቱ ይልቅ አስደነገጠኝ።

ወጥቼ ጀፎረው ላይ ቆምሁ። ልቅሶዬ ሳይመጣ ኢሱዙው መጣ። መሐል ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ጮኬም ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከቡታጅራ በርበሬ ጭኖ የመጣ ትልቅ ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ምን አጠፋሁ?»

«ይህ መንገድ ይመስልሃል? ዓይን የለህም?» አልሁት።

ዞር ዞር ብሎ አየ። የቤቶቹን ደጅ፣ የታረሰውን ሣር፣ በየበሩ ወጥተው የሚያዩትን ሰዎች። ፊቱ ተለዋወጠ። «ወላሂ ስገባ ከፍቶኝ ነበር። የሰው ደጅ ነው ብዬ ነበር። ግን ይኸውና» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ሰማያዊው መስመር በአባቴ ሣር ላይ ተጋድሟል። «ይህ ነው የሚመራኝ። ከሱ ጋር ልከራከር?»

አባቴ የታመመበትን ነገርሁት። እንግባ አለ። ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባና አልጋው አጠገብ በርከክ አለ፦ «አባ፣ አውፍ ይበሉኝ። ሳላውቅ ነው።»

አባቴ ዞረ። በድምፁ ሰውየውን መዘነው መሰለኝ። «አንተ ሳታውቅ ነው። የላከህስ?»

«የላከኝ ስልኩ ነው።»

«ስልኩን ማን ላከው?»

ሾፌሩ ወደኔ አየ። እኔም የዘጠነኛ ክፍሉን ትምህርት ለአባቴ ነገርሁት፤ ሁለቱን ተማሪዎች፣ ጋራዡን፣ ነጩን ገጽ፣ ምድርን ከሰማይ እያየ የሚሠራውን ካርታ። ጆሮውን ወደኔ አዙሮ ሰማኝ። ሳበቃ፣ «እንግዲያው ይጠሩ» አለ።

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ዝግባው ሥር ሲቀመጡ ግን አባቴን በቃሬዛ ወስደው መሐላቸው አኖሩት፤ እኔም ተጠራሁ። ሴት እዚያ ሸንጎ ፊት ቆማ ስትናገር ብዙ አይታይም። በጉራጊኛ አስረዳሁ። «ኩባንያ» የሚለውን የምተካበት ቃል አጥቼ «ፈላጊው» አልሁት። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ስሙ ፈላጊው ሆኖ ቀርቷል።

በእኛ ዘንድ ጥፋት ያጠፋ ሰው አይባረርም፣ ይጠራል። አልመጣም ካለ ዋሱ ይጠራል፣ ዋስ ከሌለው ዘመዱ። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ሌላ አካሄድ አያውቁም።

«ልጄ፣ ይህ ፈላጊ ዋሱ ማነው?» አለኝ አንደኛው።

«ዋስ የለውም፣ አባ።»

«ሁለት ልጆች ጀመሩት ብለሻል። አባት የላቸውም?»

«ሩቅ አገር ናቸው። አሁን ደግሞ የሚመሩት ሌሎች ናቸው።»

«ሌሎቹስ ስንጠራቸው አይሰሙም?»

«መልእክት ይላክላቸዋል። ሰው ያንብበው፣ ማሽን ያንብበው አላውቅም።»

ዋስም ዘመድም የሌለው፣ ሲጠሩት የማይመጣ፣ የሰው ደጅ ግን የሚያርስ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። በጣም ሽማግሌው «እንዲህ ያለው ነገር አገር የለውም ማለት ነው» አለ፤ በሐዘን ነው ያለው፣ ለፈላጊው ያዘነለት መሰለኝ።

እነሱ ፊት ስልኬን አውጥቼ መስመሩን ነካሁና ይህ መንገድ አይደለም ብዬ ላክሁ። እናመሰግናለን፣ እንመለከተዋለን የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ተርጉሜ ሳነብላቸው ጥሩ አነጋገር ነው አሉ። ጥሩ አነጋገር ማለት ነገ ይመጣሉ ማለት መስሏቸው ነበር።

ማንም አልመጣም። መኪናው ግን ቀጠለ። ከወልቂጤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስሁ አባቴን አየው ነበር። ዳሌው ተሽሎት ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ደፉን ግን አያልፍም። እኔው ነኝ የከለከልሁት፤ ጎረቤቶቹም ይጠብቁት ነበር። የበሩ ጥላ ላይ ተቀምጦ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ቆጮውን ሲያቀርቡለት ይቆርስና ይተወዋል። ሰላምታ የሚሰጣቸውን ደጆች ስም በሹክሹክታ ሲቆጥር ሰማሁት፤ እንዳይረሳቸው መሆኑ ነው። ያን ዕለት ወደ ወልቂጤ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስሁ፣ ሰውም አየኝ፣ ግድ አልሰጠኝም።

ለአጎቴ ልጅ ደወልሁለት። «መንገድ መጣ ብለሽ ታለቅሻለሽ?» አለኝ። «ሌላው አገር መንገድ ስጡን ብሎ ይለምናል። ገረጋንቲ አስደፋበታለሁ፣ አባባም ደረቅ ላይ ይሄዳል።»

«ሣሩ ከሌለ የት እንዳለ አያውቅም።»

ከዚያ «እኔ እኮ አገሬ እንዲታወቅ ነው» አለ፤ ድምፁ የተለመደው ድምፁ አልነበረም። ከዚያ በላይ ልቆጣው አልቻልሁም።

መጨረሻ ላይ ወጣቶቹ መፍትሔ አመጡ፦ በሁለቱም አፍ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ እንትከል፣ ሰውና ከብት ይለፍ፣ መኪና ይመለስ። ማንም ሽማግሌ አዎ ለማለት አልደፈረም። ጀፎረ ላይ ጉድጓድ መማስ፣ ጀፎረ ላይ እንጨት መትከል፣ እነሱ ዕድሜያቸውን ሁሉ የከለከሉት ይህንኑ ነው። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አንድ ክንድ ሣር ብሎ ከወንድሙ የተጣላው እሱ ነዋ።

አባቴ ምርኩዙን ጠየቀ። ከዚያ ወደ ጀፎረው አፍ ውሰዱኝ አለ። እኔና ጎረቤታችን ደግፈን ወሰድነው። ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ዳሰሰ፤ ሣር ሲፈልግ ጭቃ ያገኛል። «እዚህ ጋ ቆፍሩ» አለ። የመጀመሪያው ዶማ ሲመታ ትከሻው ሲሸማቀቅ እጄ ላይ ተሰማኝ። «ወንድሜ ይህን ሳያይ ሞተ» አለ፤ እንባው ሲወርድ አልሸሸገውም።

መኪናው ቀረ። ያ የቡታጅራ ሾፌር አንድ ቀን አፉ ድረስ መጥቶ ግንዱን አይቶ ደስ ብሎት ዞረ ብለው ነገሩኝ። ክረምቱ ሲወጣ ቦዮቹ ሞሉ፣ ሣሩ መልሶ ያዘ። አባቴ እንደገና መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት፣ ቀጥሎ እስከ ዝግባው። ቆጮውን ጨርሶ መብላቱን ጎረቤታችን ደውላ ስትነግረኝ ለተማሪዎቼ ያለ ምክንያት ነፃ ክፍለ ጊዜ ሰጠኋቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ ከአባቴ ጋር ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ኢሜይል አመጣ። ያቀረቡት ማስተካከያ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ካርታውን ከፈትሁ። መስመሩ የለም።

«አባዬ፣ ፈላጊው ሰማን» አልሁት። «መንገዱን አነሣው።»

ፊቱ በራ። «አነሣው? ጎበዝ። እና አሁን ምን ብሎ ጻፈው?»

ስልኩን አቀረብሁና አየሁ። አሳንሼም አስፍቼም አየሁ። ብዋሸው ኖሮ ያምነኝ ነበር፤ ለአባቴ ግን ዋሽቼ አላውቅም።

«ምንም አልጻፈም።»

«ጀፎረ አይልም?»

«አያውቀውም። ባዶ ነው።»

«ባዶ» አለ። ቃሉን ደጋግሞ አመነዠከው። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲሄድ አየሁ። ወልቂጤም ቡታጅራም ከተማው ሲሰፋ ዳር ያለ ሰፊ ሣር ባዶ ቦታ ተብሎ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ እንደተሰጠ አባቴ ያውቃል፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለጀፎረ ደግሞ የግል ይዞታ ካርታ አይወጣለትም፤ የሁሉም ነው።

«መንገድ ያለውን በእንጨት መለስሁት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ባዶ ያለውን በምን እመልሰዋለሁ?»

መምህርት ነኝ፤ የኩባንያውን ታሪክ ከጋራዡ ጀምሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። እንደገና ልጻፍላቸው አባዬ፣ ጀፎረ ምን እንደሆነ ላስረዳቸው አልሁት። ጻፊ አለኝ። እየጻፍሁ ሳለ ተነሣ፤ ምርኩዙን በአንድ እጁ፣ በርጩማውን በሌላው ይዞ ደፉን ተሻገረ። እኔ ልያዝልህ ስለው በክርኑ መለሰኝ። ሣሩን በእግሩ እየዳበሰ፣ ከሁሉ ይበልጥ ለስላሳ እስከሆነበት መሐል ድረስ ሄደና በርጩማውን አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ለምን እዚያ ፀሐይ ላይ?» አልሁት።

«ያ ፈላጊ ከላይ ነው የሚያየው ብለሽኛል» አለ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ። «ሰው እንዳለበት ይይ።»

አሁንም በየቀኑ እዚያ ይቀመጣል። እኔም ወልቂጤ ክፍል ከመግባቴ በፊት ካርታውን እከፍትና ከላይ የተነሣውን ፎቶ አሰፋዋለሁ። ያረጀ ፎቶ ነው፤ እስካሁን አልቀየሩትም። ሣር ብቻ ነው የሚታየው።